የሩቀያ ቤት ሠራተኛ

ዘርፈሽ በር ሲንኳኳ ከመክፈቷ በፊት ጫማዋን ታደርጋለች። ምክንያቱን ስጠይቃት «ከወሰዱኝ በባዶ እግሬ እንዳይወስዱኝ» አለችኝ። እኔ አፌ አያርፍም፤ «እንግዲያው ሽቶም ተቀቢ፣ ሙሽራ መስለሽ ትሄጃለሽ» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። ያን ጊዜ ገና አላወቅኋትም ነበር።

ሁለታችንም ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ቤት እናጸዳ ነበር፤ እሷ ሦስተኛው ፎቅ፣ እኔ አራተኛው። ከሰዓት በኋላ ሃፍላ በሚሉት አንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ካላክላ እንመለሳለን። የሕይወቷን ታሪክ የነገረችኝ እዚያ መኪና ውስጥ ነው፤ ያውም በትንሽ በትንሹ፣ ፖሊስ የሚቆምበት ቦታ ስንደርስ ዝም እያለች፣ ካለፍን በኋላ ካቆመችበት እየቀጠለች።

ከጭልጋ የወጣችው በሃያ ዓመቷ ነው። በመተማ በኩል ገዳሪፍ ገባችና ሲዲግ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አገባት። ያጋባቸው የሰፈር ሼህ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አልነበራቸውም። ስለ ወረቀቱ ባነሳች ቁጥር ሲዲግ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ይላታል። ነገ ማለቱ ነው። ልጃቸው ኑሲባ አራት ዓመት እንደሞላት መኪናው መድኒ መንገድ ላይ ተገለበጠ፤ ነገ የተባለው ቀን ሳይመጣ ሲዲግ ሞተ።

እህቱ ሩቀያ፣ ባሏን የቀበረች ጠንካራ ሴት፣ «የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አትወድቅም» ብላ እናትና ልጅን ወሰደቻቸው። ኦምዱርማን ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። ሩቀያን ክፉ ሴት አድርጌ ብስላት ታሪኩ ይቀለኝ ነበር። ግን ክፉ አልነበረችም። ያደረገችውን ሁሉ ያደረገችው ለልጅቷ ብላ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ኑሲባ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤቱ የዜግነት ቁጥር አምጡ አለ። ቁጥር የሌላት ልጅ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አትፈተንም ተባለ። ዘርፈሽ ወደ መዝገብ ቤት እንዳትሄድ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ካለፈበት ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሄደች ልጇን አታስመዘግብም፤ ራሷ ተይዛ ወደ ድንበር ትጫናለች። ስለዚህ ሩቀያ ሁለት ምስክር ይዛ ያለ እሷ ሄደች፤ ከቀትር በኋላም ቁጥሩን ይዛ ተመለሰች።

«ስለ እናቷ ምን አልሻቸው?» አለቻት ዘርፈሽ።

«ሞታለች አልኳቸው። የኛው ዘመድ፣ የጀዚራ ሴት፣ በወሊድ ሞተች አልኳቸው። ኸላስ፣ አለቀ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርፈሽ በገዛ ልጇ ወረቀት ላይ የሞተች ሴት ናት። በሰው ፊት የሩቀያ ቤት ሠራተኛ ሆነች። ሩቀያ በዚያው ሰሞን ከኦምዱርማን ለቅቃ ካላክላ ላይ ርካሽ ቤት ስለተከራየች እውነቱን የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ኑሲባ እናቷን በስሟ እንድትጠራት ታዘዘች፤ ሩቀያ «የልጅ አፍ አይታመንም» ብላ በራቸውን ዘግተው ሲቀመጡም እንዲለማመዱት አደረገች። ልጅቷ ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን «ዘርፈሽ፣ ውሃ ስጪኝ» አለች። ዘርፈሽ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም። ዘርፈሽ ከሥራ ተመልሳ ለእራት ሽንኩርት ስትልጥ ኑሲባ ደብተሯን ይዛ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ የዕለቱንም ትምህርት በአማርኛ ታስረዳታለች። ዘርፈሽ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። «አልገባኝም፣ እንደገና ንገሪኝ» ትላታለች። ልጅቷ አማርኛዋ ጎደሎ ነው፤ «ደሙ ከቀልብ ይወጣል፣ ከዚያ በጂስም ሁሉ ይዞራል፣ ያላ ፈህምቲ፣ ገባሽ?» ትላለች፤ ቀልብ ልብ፣ ጂስም አካል ማለቷ ነው። እናት አሁንም አልገባትም። ልጅቷ ትናደዳለች፣ በሽንኩርቱ ልብ ትሠራለች፣ በክር ደም ሥር ታበጃለች፤ ዘርፈሽ እስኪገባት ድረስ አትነሳም። እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት ተማሩ። በኋላ አንድ የተማረ ሰው ስንት ሠራተኛ ቀጥሮ የፈለገው ነገር ይኸው ነበር። ግን ማን ይነግረዋል?

ዘርፈሽ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኑሲባ ከስምንተኛ ክፍል አልፋ እንድትማር። የምትፈራውም አንድ ነገር ነው፤ ሞተች የተባለችው እናት በሕይወት መኖሯ ታውቆ የልጅቷ ቁጥር እንዳይሰረዝ። ሌላው ፍርሃቷ ሁሉ የዚህ ልጅ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ በሩቀያ የቆርቆሮ በር ላይ በነጭ ጠመኔ አርባ ሰባት ቁጥር ተጽፎ አገኘን። ከታች ካለው ቤት ላይ አርባ ስምንት ተጽፏል። የእኔ በር ላይ ምንም የለም። ዘርፈሽ እጄን ይዛ ቆመች። ያን ሰሞን ስለ ከሻ ይወራ ነበር፤ ከሻ የምንለው ፖሊስ ሰፈሩን ከቦ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ የሚለቅምበትን ቀን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ቁጥሩን ለምን እንደጻፉት ለመጠየቅ እንኳ አልደፈረችም። እርጥብ ጨርቅ አምጥታ አጠፋችው።

በማግሥቱ ቁጥሩ ተመልሶ ተጽፏል፤ ያውም ጎላ ብሎ። አሁንም አጠፋችው። በሦስተኛው ቀን ሥራ አልሄደችም፤ ከውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በሩ ሲንኳኳ ጫማዋን አደረገችና ከፈተች። ፋይል ያቀፈች፣ ጣቶቿ በጠመኔ የነጡ ወጣት ሴት ቆማለች።

«ኻልቶ፣ ምን አድርጌሽ ነው የምታጠፊብኝ? ዛሬ ሦስተኛዬ ነው» አለቻት በዐረብኛ፣ እየሳቀች።

ስሟ ወላእ ነው። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር ትሠራለች። ምሁሩ ከአንድ ሰፈር ከወጡ ድሆች ልጆች አንዱ ሩቅ ሲሄድ ሌላው ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር እያጠና ነው፤ ስድስት መቶ ልጆች በዕጣ ተመርጠዋል፤ በበሩ ላይ ያለው ቁጥር ዕጣ የወጣለት ቤት እንዳይጠፋባቸው ነው። ወላእ ይህን ሁሉ አስረዳችና «አትፍሪ፣ ስም አንጽፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው» አለቻት። ይህ ዘርፈሽን አባሰባት። እሷ የምትፈራው ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው።

ወላእ ፊቷን አየችና ወደ አማርኛ ዞረች። አማርኛዋ እንደ ኑሲባ የተሰባበረ ነው። «አንቺ ሐበሻ ነሽ አይደል? እናቴም ሐበሻ። ከደሴ። አቡይ፣ አባቴ፣ የዚህ አገር ሰው ነው።» ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጽናናል። ዘርፈሽ ግን የዚህችን ልጅ ዐይን ማታለል እንደማይቻል ገባት።

«የልጅቷ አባት?»

«ሞቷል።»

«እናቷስ?»

 እስከዚያ ቀን ድረስ ውሸቱን ሩቀያ ነበረች የምትናገረው፤ የዘርፈሽ ሥራ ዝም ማለት ብቻ ነበር። «እኔ እዚህ ሠራተኛ ነኝ፤ የቤቱን ባለቤት ጠይቂ» አለች። ሩቀያ ከሱቅ ስትመለስ «አላህ ይማራት፣ ሞታለች» አለች በአጭሩ። ወላእ ዘርፈሽን አየት አደረገቻትና ጻፈች። ሠራተኛዋ ማንበብና መጻፍ ትችል እንደሆነም ሩቀያን ጠየቀቻት። «የት ታውቅና» አለች ሩቀያ።

ከዚያ የልጅቷ ተራ ሆነ። የጥናቱ ደንብ ልጅ ለብቻው እንዲጠየቅ ያዛል፤ አዋቂ ከሩቅ ማየት ይችላል፣ መስማት ግን አይፈቀድለትም። ኑሲባና ወላእ ግቢው ጥግ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ዘርፈሽ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ የልጇን ከንፈር ስታይ ቆየች። አርባ ደቂቃ ያህል እንደቆመች ትገምታለች። አንድ ጊዜ ኑሲባ ሳቀች። ምን አስቃት? አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ማድ ቤቱ ተመለከተች፣ ወላእም ቀና ብላ አየች፣ ብዕሯም ወረቀቱ ላይ ተንቀሳቀሰ። ዘርፈሽ በዚያች ቅጽበት ሻንጣዋን በሐሳቧ አሰረች፤ የት እንደምትሄድ ግን አታውቅም።

ወላእ ከሄደች በኋላ ዘርፈሽ ልጅቷን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። «ምን ጠየቀችሽ?»

«ቁጥር ከኋላ ወደፊት አስቆጠረችኝ። ሥዕል አስገጣጠመችኝ። ቀላል ነው።»

«ስለ እናትሽስ?»

«ሞታለች አልኳት» አለች ኑሲባ፤ ፈተና ላይ ትክክለኛውን መልስ እንደመረጠ ተማሪ ነበር አነጋገሯ።

በማግሥቱ ሃፍላ ውስጥ ዘርፈሽ ይህን ነግራኝ «ደስ አለኝ» አለች። 

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ የኛ ሰዎች። እኔ ደግሞ ውሸትም እያደር ዐይን ይስባል እላለሁ። ዘርፈሽ ያላወቀችው፣ ልታውቅም የማትችለው ነገር ይህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ እውነቱ ቢጻፍ ኖሮ ኑሲባ እናቷ የምታስጠናት አንድ ጎበዝ ልጅ ሆና ታልፍ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አሁን ግን ከስድስት መቶው ልጅ አንደኛ የወጣችው እናትም አባትም የሌላት፣ ፊደል በማታውቅ ሠራተኛ እጅ ያደገች ልጅ ሆነች። እንዲህ ያለ ነገር አጥኚን እንቅልፍ ይነሳዋል።

የካቲት ላይ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ነጭ መኪና ካላክላ ለምን እንደሚመጣ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ከሻ። ዘርፈሽ ማድ ቤት ውስጥ ጫማዋን አድርጋ፣ ጀርባዋን ከግድግዳ አጣብቃ ቆመች። የወረደው ግን መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ዶክተር ሙአየድ እባላለሁ አለ፤ ጥናቱን የሚያጠናው ራሱ ነው። ሩቀያ አንገሬቡ ላይ፣ በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ ማለት ነው፣ አስቀመጠችው።

«ይህችን ልጅ ማን ያስጠናታል?» አለ።

«ማንም» አለች ሩቀያ።

«አንድ ሰው መኖር አለበት። ሃያ ዓመት ይህን ነገር ሳጠና እንዲህ ያለ ውጤት ከባዶ ሜዳ ሲበቅል አላየሁም።» ውሃ ይዛ ወደ ገባችው ዘርፈሽ ዞረ። «አንቺስ? ልጅቷ ስታጠና አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

ትሪውን ከፊቱ አስቀመጠች። «ሽንኩርት እልጣለሁ» አለች።

ሰውየው ፈገግ ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ኑሲባ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት አየች። ዘርፈሽ እውነቱን ነበር የተናገረችው፤ የሚፈልገውን መልስ እጁ ላይ አስቀምጣለት ነበር።

ሲነሳ ግን ያላሰቡትን አመጣ። ኦምዱርማን ውስጥ እናቶቻቸው ለሞቱባቸው ልጃገረዶች የተቋቋመ የሁለተኛ ደረጃ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ልጅቷ የስምንተኛውን ፈተና በጥሩ ነጥብ ካለፈች እሱ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ምግቡም መኝታውም በነፃ ነው። ሩቀያ ከስምንተኛ በላይ አቅም የለኝም ብላ ከቆረጠች ቆይታ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የተመኙት በፈሩት ጀርባ ታዝሎ ሲመጣ ምን እንደሚባል ግን እኔ አላውቅም።

ኑሲባ አለፈች። ነጥቧን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ከትምህርት ቤቱ የመጣው ደብዳቤ አሳዳጊዋና ዘመድ ያልሆነ አንድ ሰው ቀርበው የእናትየዋን ሞት ይመስክሩ ይላል። መዝገብ ቤት ከሄዱት ምስክሮች አንዱ በሕይወት የለም፣ ሌላው አገር ለቋል። ሩቀያ ዘርፈሽን አየቻት። «አንቺ ነሽ እንግዲህ። ሌላ ማንን ላምጣ?»

ያን ዕለት መንገድ ላይ ስትነግረኝ እኔ ቱግ አልኩ። «ሂጂና እናቷ እኔ ነኝ በያቸው! ስንት ዘመን ትሞቻለሽ?» ሰው ዞሮ አየን።

«ከዚያስ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቁጥሯ ተሰርዞ፣ እኔ ታስሬ፣ እሷ ቤት ቁጭ ስትል፣ አንቺ ታስተምሪያታለሽ?»

 

ሰኔ ላይ ሦስቱ ወደ ኦምዱርማን ሄዱ። የሃፍላው ቆርቆሮ በሙቀቱ ያቃጥል ነበር። ሩቀያና ኑሲባ ከፊት አብረው ተቀመጡ፤ ዘርፈሽ ለብቻዋ ከኋላ። የተነጋገሩት ነገር ነበር፤ ፖሊስ ዘርፈሽን ካወረዳት ኑሲባ ዞራ እንዳታይ። ድልድዩ አፍ ላይ መኪናው ቆመና ፖሊስ ገባ። ወንበር በወንበር ፊት እያየ መጣ። ዘርፈሽ የተከናነበችውን ቶብ አስተካክላ በመስኮቱ አባይን እንደምታይ ሰው ሆነች። ፖሊሱ አጠገቧ ቆመ። ሽቶውን አሸተተችው። ከዚያ እጁን ከእሷ ወንበር በስተጀርባ ወደነበረ ወጣት ዘረጋ። ልብሱ በሲሚንቶ የነጣ፣ የቀን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ነበር። «ወረቀት» አለው። ልጁ በአማርኛ አንድ ነገር አጉተመተመና ተነስቶ ወረደ። ዘርፈሽ የአገሯን ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ከፊት የኑሲባ አንገት ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው፤ ማን እንደወረደ ባታውቅም አልዞረችም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በዕድሜ የገፉ፣ ፊታቸው ብርሃን ያለው ሴት ናቸው። ሦስቱንም ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ዘርፈሽ ኢቃማ የሚለውን ቃል ጠበቀች። ሴትየዋ ኢቃማ አልጠየቁም።

«በዚህ ቤት ከሠራሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ።»

«እናቷን ታውቂያት ነበር?»

«አውቃታለሁ።»

«ስትሞት ነበርሽ?»

ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ ይዞራል። ዘርፈሽ እንደነገረችኝ፣ ያኔ ከፖሊሱ ይልቅ የፈራችው ራሷን ነበር፤ አፏን ስትከፍት እውነቱ ይውጣ ውሸቱ አታውቅም። ኑሲባ ጣቶቿን አጣምራ ትጠብቃለች። ሁልጊዜ መልስ ሲዘገይባት የምታደርገው ነው።

«ነበርኩ» አለች ዘርፈሽ።

«ሚስኪን። ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

ይህን ጥያቄ ሩቀያም አልጠበቀችውም፤ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ግን ዘርፈሽ ቀደመቻት። «ፈሪ ነበረች» አለች። «ልጇን ግን ትወድ ነበር።»

ዳይሬክተሯ ዐይናቸው ዕንባ አቀረረ። የሞተ ሰው ስም ሲነሳ በዚያ አገር ደንቡ አንድ ነው። «አል-ፋትሃ» አሉና ሁለት መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሩቀያ ዘረጋች። ኑሲባ ዘረጋች። ዘርፈሽም የፈሰሰው ላቧ ሳይደርቅ መዳፎቿን ከፍታ ለራሷ ነፍስ ከሚጸልዩት ጋር ጸለየች። ጸሎቱ እስኪያልቅ ልጅቷ ዐይኗን ከእናቷ ላይ አልነቀለችም፤ ከዚያ እጆቿን በፊቷ ላይ አሳርፋ ከሁሉም ጎላ ባለ ድምፅ «አሚን» አለች።

ዘርፈሽም አሚን አለች። ስሟን መጻፍ ትችላለች፤ ማንም ግን አልጠየቃትም፤ የቀለሙን ሳጥን አቀረቡላትና አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።